የቅሬ ገንዘብ በሦስት ባንክ፦ መከፋፈሉ ከምን ያድናል፣ ከምንስ አያድንም?

ከደሴ አንድ የቅሬ (በወሎ እንደ ዕድር ያለ የቀብር መረዳጃ ማኅበር) ገንዘብ ያዥ ያቀረቡት ጥያቄ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የቅሬያችን ገንዘብ ለብዙ ዓመታት በአንድ ባንክ ነበር። አባላቱ ‹አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይተርፋል› ብለው ስለወሰኑ በሦስት ባንኮች ከፋፈልነው፤ አንደኛው ከወለድ ነፃ ነው። በቅርቡ ለቀብር ወጪ ወደ አንዱ ቅርንጫፍ ስንሄድ ‹ዛሬ ጥሬ ገንዘብ የለም፣ ነገ ተመለሱ› ተባልን፤ በማግሥቱም ተከፈለን። ወሬው ግን ሰፈሩን አዳርሶ አባላቱ ከሦስቱም ባንክ አውጡ እያሉን ነው። ብሔራዊ ባንክ እያንዳንዱን ባንክ የሚቆጣጠር ከሆነ ይህ እንዴት ይደርሳል? አንድ ባንክ ቢወድቅስ ሌሎቹን ይዞ ይወድቃል ወይ?»

በቅድሚያ ለስብሰባችሁ የሚሆነውን ልናገር። ቅርንጫፉ ላይ የገጠማችሁ ነገር ብቻውን ከሦስቱም ባንክ ገንዘብ ለማውጣት ምክንያት አይሆንም። መከፋፈላችሁም መልካም ውሳኔ ነበር፤ ነገር ግን የሚያድናችሁ አንዱ ባንክ በራሱ ጥፋት ሲወድቅ እንጂ ሦስቱም በአንድ ምክንያት በአንድ ጊዜ ሲታመሙ አይደለም። ይህ ልዩነት በባንክ ቁጥጥር ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ሊጤን የሚገባው ነው ብዬ አምናለሁ፤ እያንዳንዱ ባንክ ለየብቻው ተመርምሮ ጤነኛ መባሉ የባንኮቹን ሥርዓት በሙሉ ጤነኛ አያደርገውምና።

«ጥሬ ገንዘብ የለም» በሚለው አነጋገር ሥር ሦስት የማይመሳሰሉ ሁኔታዎች አሉ። የመጀመሪያው የቅርንጫፍ ካዝና ጉዳይ ነው። አንድ ቅርንጫፍ በካዝናው የሚያሳድረው ብር በዋናው መሥሪያ ቤት የተወሰነ ጣሪያ አለው፤ ከዚያ ያለፈውን ይልካል፣ ሲጎድለው ያስመጣል። ለባቲ የሰኞ ገበያ ከብትና ግመል የሚገዙ ነጋዴዎች ቅዳሜ ዕለት በብዛት ሲያወጡ፣ ወይም ብር የጫነው መኪና በመንገድ ፀጥታ ምክንያት ሲዘገይ፣ ካዝናው ይራቆታል። ይህ ለባለጉዳይ የሚያንገበግብ ቢሆንም ስለ ባንኩ ጤንነት የሚናገረው ነገር የለም። ሁለተኛው በባንክ ቤት ሰዎች አነጋገር የሊኩዲቲ እጥረት የሚባለው፣ ማለትም ባንኩ ሀብት እያለው ወዲያው የሚከፍለው ገንዘብ ሲያጥረው ነው። እያንዳንዱ ባንክ በብሔራዊ ባንክ ዘንድ ሒሳብ አለው፤ የቅሬው አባል ከአንዱ ባንክ ወደ ሌላው በስልኩ ብር ሲያስተላልፍ በመጨረሻ የሚቀናነሰው በዚያ ሒሳብ ላይ ነው። ያ ሒሳብ ሲሳሳ ምልክቱ በአንድ ቅርንጫፍ ብቻ አይታይም፤ በሁሉም ከተማ ትልልቅ ክፍያዎች ይዘገያሉ፣ የጸደቀ ብድር ሳይለቀቅ ይከርማል፣ ባንኩም ትልልቅ አስቀማጮችን ከተለመደው በላይ ወለድ እየሰጠ መለማመጥ ይጀምራል። ሦስተኛው ከሁሉም የከፋው ነው፦ ባንኩ ያለው ሀብት ሁሉ ተሰብስቦ ቢሸጥ ለአስቀማጮቹ የሚከፍለውን የማይሞላ ሲሆን። እናንተን የገጠማችሁ፣ በማግሥቱ ከተከፈላችሁ፣ የመጀመሪያው ነው ብሎ መውሰድ ይቻላል።

አስቸጋሪው ነገር ሁለተኛው ሦስተኛውን መውለዱ ነው። አንድ ባንክ 100 ብር ሀብት አለው እንበል። ከዚህ ውስጥ 90ው የአስቀማጮች፣ 10ሩ የባለአክሲዮኖች ነው። 65ቱን አበድሮታል፣ በ15ቱ የመንግሥት ሰነድ ገዝቷል፣ 20ው በካዝናና በብሔራዊ ባንክ ሒሳቡ ይገኛል። አስቀማጩ የፈለገ ዕለት መጥቶ የመውሰድ መብት አለው፤ ተበዳሪው ግን የሚመልሰው በአምስት ወይም በሰባት ዓመት ነው። በተለመደ ቀን ይህ ችግር የለውም፤ የሚያወጣና የሚያስገባ ይቻቻላል። ከአስቀማጮቹ ግማሽ ያህሉ በአንድ ሳምንት ቢመጡ ግን 20ው አልቆ ባንኩ ያልደረሰውን ብድር በርካሽ ለሌላ ማስተላለፍ ወይም ሰነዱን በቅናሽ መሸጥ ይኖርበታል። በዚህ ሽያጭ 10 ብር ከከሰረ የባለአክሲዮኖቹ ገንዘብ አለቀ፤ ከሳምንት በፊት ጤነኛ የነበረው ባንክ አሁን በእርግጥ ከስሯል ማለት ነው። ዳይመንድና ዲብቪግ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የምጣኔ ሀብት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጡት ጥናት ያሳዩት ይህንን ነበር፤ ሌላው ሰው ሊያወጣ ነው ብሎ የጠረጠረ አስቀማጭ ቀድሞ ቢሰለፍ የሚነቀፍበት ምክንያት እንደሌለ፣ ሁሉም እንዲህ ሲያስብ ግን ጤነኛውም ባንክ እንደሚፈርስ። እ.ኤ.አ. በ2022 ከቤን በርናንኪ ጋር የኖቤል ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። በሚቀጥለው ዓመት መጋቢት ወር በካሊፎርኒያ የሲሊከን ቫሊ ባንክ ደንበኞች በአንድ ቀን 42 ቢሊዮን ዶላር ለማውጣት ጠየቁ፤ ባንኩ በማግሥቱ ተዘጋ። ከባንኩ ደጃፍ የተሰለፈው ሰው ጥቂት ነበር፤ ሩጫው የተካሄደው በስልክና በኮምፒዩተር ነው።

ወደ ሁለተኛው የጥያቄዎ ክፍል ልለፍ። የአንዱ ባንክ ሕመም ወደ ሌላው የሚተላለፍበት መንገድ ከአንድ በላይ ነው። ቀላሉ ቀጥተኛው የእርስ በርስ ዕዳ ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1974 ሄርሽታት የተባለ የጀርመን ባንክ በሥራ ቀን መካከል ሲዘጋ፣ ከእርሱ ጋር ገንዘብ ይመነዝሩ የነበሩ ባንኮች ማርካቸውን ከፍለው ዶላራቸውን ሳይቀበሉ ቀሩ። ዛሬ የዓለም የባንክ ደንብ መነሻ የሆነው የባዝል ኮሚቴ የተቋቋመው በዚያ ድንጋጤ ማግሥት ነው። በእኛ ሀገር ባንኮች በወለድ የሚበዳደሩበት የእርስ በርስ ገበያ ሥራ የጀመረው በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ስለሆነ ይህ መንገድ ገና ጠባብ ነው፤ ገበያው እየሰፋ በሄደ ቁጥር ግን ትኩረት ይፈልጋል።

ሌላው መንገድ ወሬ ነው። በኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2016 ባለው ጊዜ ሦስት ባንኮች በተከታታይ ተዘጉ። ሦስተኛው፣ ቼዝ ባንክ፣ ስለ ሒሳቡ በማኅበራዊ ሚዲያ በተናፈሰ ወሬ ደንበኞቹ ተረባርበውበት የተዘጋ ሲሆን፣ በሌላ ትልቅ ባንክ አስተዳዳሪነት ሥር ሆኖ በዚያው ወር ተከፈተ። ልብ ሊባል የሚገባው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው፤ ምንም ጥፋት ያልተገኘባቸው ትንንሽ ባንኮች ሳይቀሩ አስቀማጮቻቸው እየለቀቋቸው ወደ ትልልቆቹ ሄዱ። አስቀማጭ የባንክን መዝገብ ማየት ስለማይችል የሚፈርደው በመመሳሰል ነው፤ «ያኛውን ይመስላል» የተባለ ሁሉ አብሮ ይቀጣል። የእናንተ ሰፈር ወሬ ከአንዱ ቅርንጫፍ ተነሥቶ ሦስቱንም ባንኮች የነካው በዚህ መንገድ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ግን ባንኮቹ ምንም ሳይገናኙ፣ አንዳቸው ከሌላቸው አንዲት ሳንቲም ሳይበዳደሩ የሚሠራ ስለሆነ በእጅጉ ያሳስበኛል። እርሱም አንድ ዓይነት ተበዳሪና አንድ ዓይነት መያዣ መያዛቸው ነው። ወሎ ይህንን በ2014 ዓ.ም. በቅርብ አይታዋለች። ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ሲያዙ፣ ቅርንጫፎች ተዘጉ፣ የተዘረፉም ነበሩ። በነገራችን ላይ ያኔ ብዙ ሰው የፈራው የራሱ ተቀማጭ ጠፍቷል ብሎ ነበር፤ ነገር ግን ሒሳቡ የሚያዘው በቅርንጫፉ ሳይሆን በዋናው መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ስለሆነ ከካዝና የተወሰደው ብር የባንኩ ኪሳራ እንጂ የአስቀማጩ አልነበረም። ዘላቂው ጉዳት በብድሩ በኩል መጣ። የጨርቅ አስመጪውም፣ የሆቴሉ ባለቤትም፣ የብረታ ብረት ነጋዴውም፣ የጭነት መኪና ባለንብረቱም በአንድ ወር ውስጥ በአንድ ምክንያት መክፈል ተሳናቸው። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካ የአጎዋን ከቀረጥ ነፃ ዕድል ከኢትዮጵያ ስታነሣ የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ አምራቾች ገበያቸው ጠበበ፤ ከእነርሱ ደመወዝ የሚበላው ባለሱቅና ቤት አከራይም አብሮ ተነካ።

መያዣው ላይ የሚሆነውን በምሳሌ ላሳይ። አንድ ባንክ በደሴ አራዳ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ላላቸው ነጋዴ 6 ሚሊዮን ብር አበድሯል እንበል፤ ገማቹ ሕንፃውን 9 ሚሊዮን ብሎታል። ነጋዴው መክፈል ሲያቅታቸው ባንኩ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ ሕንፃውን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። በዚያ ወቅት የወጣው የሐራጅ ማስታወቂያ ይህ አንዱ ብቻ ቢሆን ገዢ ተሻምቶ 8 ሚሊዮን ተኩል ይሰጥበታል፤ ባንኩ ብድሩን ከነወለዱ ይሰበስባል፣ ለነጋዴውም የሚተርፍ አለ። ነገር ግን ከአራዳ እስከ ሸዋ በር ባለው መንገድ ግራና ቀኝ አሥር ሕንፃ በአንድ ሰሞን ለሐራጅ ቢወጣስ? ሊገዙ የሚችሉት ሰዎች በዚያው ጉዳት የተመቱት ሌሎቹ ነጋዴዎች ናቸው። የመጀመሪያው ሐራጅ ያለ ተጫራች ይቀራል፤ በሁለተኛው አንድ ሰው 5 ሚሊዮን ይሰጣል። በ9 ሚሊዮን መያዣ የተሸፈነ የመሰለው 6 ሚሊዮን ብድር 1 ሚሊዮን ከሰረ ማለት ነው። ነገሩ በዚህ አያበቃም፤ ገማቹ በሚቀጥለው ወር ለሌላ ባንክ የሌላ ሰው ሕንፃ ሲገምት የሚመለከተው ያንን የ5 ሚሊዮን ሽያጭ ነው። ስለዚህ አንድም ተበዳሪ ያልከሰረበት ባንክ ሳይቀር መያዣዎቹ በወረቀት ላይ ይወርዳሉ፣ አዲስ ብድር መስጠት ያቆማል፣ ብድር ያጣው ነጋዴም በተራው ይደናቀፋል። እያንዳንዱ ባንክ ያደረገው ነገር ለብቻው ሲታይ ጥንቃቄ ነው፤ ጥንቃቄዎቹ ሲደመሩ ግን ከተማውን ያደርቁታል።

ይህን ነገር ከእርስዎ ይልቅ የሚያውቀው የለም ማለት ይቻላል። ቅሬ የሚሠራው ሞት ወደ አባላቱ ቤት በየተራ ስለሚመጣ ነው። መቶ አባላት በየወሩ ጥቂት ብር አዋጥተው በዓመት የሚደርሱትን ቀብሮች ያለ ጭንቀት ይሸፍናሉ። የወረርሽኝ ዓመት መጥቶ በአንድ ሳምንት ሃያ ቤት ቢያዝን ግን መዋጮው ትክክል ቢሆን፣ ገንዘብ ያዡም ታማኝ ቢሆኑ፣ ሣጥኑ ይጎድላል። ጎረቤት ካለው ቅሬ እንዳትበደሩም እርሱም በዚያው ሳምንት በዚያው ሐዘን ላይ ነው። የባንክ ኪሳራም በየተራ ሲመጣ የሚቻልና በአንድነት ሲመጣ የማይቻል ነገር ነው፤ ሥርዓታዊ ሥጋት የምንለውም ይኸው አንድ ላይ መምጣቱ ነው።

አሁን «ብሔራዊ ባንክ እየተቆጣጠረ» ወደሚለው እንምጣ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የግል ባንኮች በ1986 ዓ.ም. ከተፈቀዱ ወዲህ የገነባቸው ደንቦች በአብዛኛው የሚጠይቁት «ይህ ባንክ ደኅና ነው ወይ?» ብለው ነው። ካፒታሉ (የባለአክሲዮኖቹ ገንዘብ) እንደ ሥጋቱ ከተመዘነው ሀብቱ ከመቶ 8 እንዳያንስ፣ የተበላሸ ብድሩ ከመቶ 5 እንዳይበልጥ፣ ለአንድ ተበዳሪ ከካፒታሉ ሩብ በላይ እንዳይሰጥ፣ ከተቀማጩ የተወሰነውን በብሔራዊ ባንክ እንዲያኖር ታዘዋል። የመነሻ ካፒታሉም እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. 5 ቢሊዮን ብር እንዲደርስ ተወስኗል። እነዚህ አስፈላጊ ናቸው፤ ያለ እነርሱ ንግግሩም አይጀመርም። ይሁንና የሩቡን ገደብ እንመልከት። አንድ ትልቅ አስመጪ ከሰባት ባንክ፣ ከእያንዳንዱ ከካፒታሉ ሩብ በታች ቢበደር ሰባቱም ባንክ ደንቡን አክብሯል፤ የሰባቱም ዕጣ ግን በአንድ ሰው ንግድ ላይ ተንጠልጥሏል። ይህንን ማየት የሚችለው የሁሉንም ባንክ የተበዳሪዎች መዝገብ በአንድነት የያዘው የብሔራዊ ባንኩ የብድር መረጃ ማዕከል ነው። እኔ ብጠየቅ ማዕከሉ የአንድን ተበዳሪ የኋላ ታሪክ ለአበዳሪ ከመንገር ይልቅ የጋራ ተጋላጭነትን ለመለካት ቢውል የበለጠ ዋጋ አለው እላለሁ።

ለሁሉም በአንድ ቀን የሚደርስ ትእዛዝም ሁሉን በአንድ አቅጣጫ ይነዳል። ከ2003 ዓ.ም. እስከ 2012 ዓ.ም. የግል ባንኮች ካበደሩት እያንዳንዱ 100 ብር ጋር 27 ብር የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር፤ ስለዚህ በሁሉም ባንክ ቤት ውስጥ አንድ ዓይነት፣ ቶሎ የማይሸጥ ሀብት ተከማቸ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ዓመታዊ የብድር ዕድገት በመቶ 14 ሲገደብ ደግሞ ሁሉም ባንክ በአንድ ጊዜ ብድር ጠበበበት፤ ከቤት ሠሪ እስከ ጥጥ ነጋዴ ድረስ «ኮታ አልቋል» የሚል መልስ የሰማው ሰው ብዙ ነው። ገደቡ የዋጋ ንረትን ለመግታት የታለመ ስለነበር ምክንያት አልነበረውም ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ባንክ እየቀየረ ብድር የፈለገ ነጋዴ ሁሉም በር ላይ አንድ መልስ ማግኘቱ የሥርዓቱን አንድ ወጥነት ያሳያል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት በዶላር ግዴታ ገብቶ ዕቃውን በኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ የሚጠብቅ አስመጪ ለዚያው ዕቃ በብር እጥፍ ያህል ማግኘት ነበረበት፤ ይህም በአንድ ባንክ ደንበኞች ብቻ ሳይሆን በሁሉም ባንክ አስመጪዎች ላይ በአንድ ማለዳ የወረደ ነው።

የትልቁ ባንክ ጉዳይ ለብቻው ይነሣል። የሀገሪቱን ተቀማጭ ግማሽ ገደማ የያዘው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ለመንግሥት የልማት ድርጅቶች ለዓመታት የሰጠው ብድር ሳይመለስ ሲቀር፣ መንግሥት በ2017 ዓ.ም. በመቶ ቢሊዮኖች የሚቆጠር ቦንድ አውጥቶ ሊደግፈው ግድ ሆኗል። ይህን ያህል ትልቅ ባንክ እንዲወድቅ የሚተው መንግሥት የለም፤ ስለዚህ አስቀማጩ አይሰጋ ይሆናል፣ ሒሳቡ ግን በግብርና በዋጋ ንረት በኩል ወደ ሁላችንም ይመጣል። ለአንድ ዘርፍ ወይም ለአንድ ወገን ብድር ማከማቸት ትልቅነት የማያድነው ድክመት ነው።

ደንብ ማሟላት ብቻውን እንደማያድን ከውጭም ምሳሌ አለን። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ሐራ ገበያ ለሚዘልቀው የባቡር መስመር ብድር ካስተባበሩት አንዱ የነበረው የስዊዘርላንዱ ክሬዲ ስዊስ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 በሀገሩ ባለሥልጣናት አስገዳጅነት በተቀናቃኙ ዩ.ቢ.ኤስ. ሲጠቀለል፣ ከቀናት በፊት ተቆጣጣሪዎቹ የሚጠየቀውን ካፒታልና ሊኩዲቲ ያሟላ ነው ብለው መስክረውለት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2008ቱ የዓለም የፋይናንስ ቀውስ በኋላ የወጣው ሦስተኛው የባዝል ስምምነት ለዚህ መልስ ለመስጠት ሞክሯል፤ ብድር በሚጦዝበት ዘመን ባንኮች እስከ ከመቶ 2.5 የሚደርስ ተጨማሪ ካፒታል እንዲያጠራቅሙ፣ ክፉ ቀን ሲመጣም ተቆጣጣሪው ያንን እንዲለቅላቸው የሚያደርግ መሣሪያ አለው። ሐሳቡ ትክክል ነው። ለእኛ ግን፣ መረጃችን ገና በሚገነባበት በዚህ ወቅት፣ ከረቂቅ ስሌት ይልቅ ቀጥተኛ ገደብ ይበጃል እላለሁ፦ አንድ ባንክ በአንድ አካባቢና በአንድ ዓይነት መያዣ ላይ ስንቱን ብድሩን ሊያሳርፍ እንደሚችል የሚወስን ገደብ፣ እንዲሁም አካባቢያዊ አደጋ ሲደርስ የተበላሸ ብድር ደንቡ በዚያ አካባቢ ለተወሰነ ጊዜ በግልጽ እንዲላላ የሚያደርግ አሠራር። በጦርነት ማግሥት ሁሉንም ባንክ በከመቶ 5 ገደብ መያዝ ሁሉንም ባንክ በአንድ ሰሞን ወደ ሐራጅ መንዳት ነውና። በ2017 ዓ.ም. የወጡት ሁለት አዋጆች፣ የብሔራዊ ባንኩ ቁጥር 1359 እና የባንክ ሥራ ቁጥር 1360፣ ተቆጣጣሪው የሥርዓቱን መረጋጋት የመጠበቅ ኃላፊነትና የታመመን ባንክ ሳይፈርስ የመያዝ ሥልጣን እንዲኖረው በር ከፍተዋል። ለውጭ ባንኮችም በር ስለከፈቱ የሚታየው የግንኙነት መረብ ከእንግዲህ ይወሳሰባል እንጂ አይቀልም።

ለቅሬያችሁ ወደሚሆነው ልመለስ። የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ከባንኮች በሚሰበሰብ መዋጮ የሚተዳደር ሲሆን፣ አንድ ባንክ ቢፈርስ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ይሸፍናል። ቅሬው በስሙ የከፈተው ሒሳብ መቶ አባላት ቢኖሩትም እንደ አንድ አስቀማጭ እንደሚቆጠር አድርጋችሁ ብታሰሉ ይሻላል። በዚህ ረገድ በሦስት ባንክ መከፋፈላችሁ በቀጥታ ይጠቅማችኋል። ይሁን እንጂ ፈንዱም የቅሬ ዓይነት ነው፤ ለአንድ ትንሽ ባንክ ውድቀት የተሰላ እንጂ ብዙዎች አብረው ለሚወድቁበት ቀን በራሱ አይበቃም፤ ያኔ የሚጠበቀው ብሔራዊ ባንኩ የመጨረሻ አበዳሪ ሆኖ መግባቱ ነው።

ስትከፋፈሉ የባንኮቹን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የተበዳሪዎቻቸውን ዓይነት ተመልከቱ። ሦስቱም ባንኮች በብዛት የሚያበድሩት ለአስመጪና ለሕንፃ ሠሪ ከሆነ ሦስት ስም እንጂ ሦስት መጠለያ የላችሁም። ቀድሞ አብቁተ ይባል የነበረው ጸደይ ባንክ ለምሳሌ ከገጠር ብድርና ቁጠባ የተነሣ ስለሆነ የተበዳሪዎቹ ስብጥር ከአስመጪ ባንክ ይለያል፤ በምትኩ ድርቅና የሰብል ጉዳት ይነካዋል። ይህን ያልኩት ምረጡት ለማለት ሳይሆን ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ ለማሳየት ነው። ባንኮች በየዓመቱ በኦዲተር የተመረመረ ሪፖርት ያወጣሉ፤ ብድር በየዘርፉ የተከፋፈለበትን ሠንጠረዥ ከአባላቱ መካከል ሒሳብ የተማረ አንድ ሰው በግማሽ ቀን ሊያነብበው ይችላል። የቅሬው ዳኛ ይህንን በስብሰባ ቢያስነብቡ ከሰፈሩ ወሬ የተሻለ መነጋገሪያ ይሆናል።

ባንክ ከመቀየር የማይፈታ አንድ ተራ ነገርም አለ። ሦስቱም ቅርንጫፎች የሚሠሩት በአንድ የቴሌ መስመርና በአንድ መብራት ነው። «ኔትወርክ የለም» በተባለ ቀን የትኛውም ባንክ ቢሆን አይከፍላችሁም፤ በክልሉ ኢንተርኔት ተቋርጦ በቆየባቸው ወራት ይህን ያላየ የለም። ለከፈንና ለመጀመሪያው ቀን ወጪ የሚበቃ አነስተኛ ጥሬ ገንዘብ ሁለት ሰው ቁልፍ በያዘው ሣጥን ማኖር ከዚህ ያድናል። ከዚያ የበለጠውን ቤት ማሳደር ግን ከባንክ ሥጋት ወደ ሌባና እሳት ሥጋት መዛወር ነው፤ አባላቱ አውጡ የሚሉትን ያህል ማውጣትን የማልመክረውም ስለዚህ ነው።

ከወለድ ነፃ የሆነውን ሒሳብ በተመለከተ፣ የከፈታችሁበትን ውል አንብቡት። ወዲዓ ከሆነ ባንኩ ያስቀመጣችሁትን ገንዘብ ሙሉውን የመመለስ ግዴታ አለበት፣ ትርፍ ግን ቃል አይገባም። ሙዳራባ ከሆነ ትርፉን በውሉ መጠን ትካፈላላችሁ፣ ባንኩ ሳይዘናጋ የመጣ ኪሳራም በገንዘቡ ባለቤት ላይ ያርፋል። እንዲህ ያሉ ባንኮች በወለድ መበዳደር ስለማይችሉ ድንገተኛ ጎዶሎ ሲገጥማቸው የሚሄዱበት በር ጠባብ ነው፤ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ በእጃቸው ብዙ ብር ይዘው ያድራሉ። ለቀብር የሚፈለግ ገንዘብ በወዲዓ ሒሳብ ቢሆን ይመረጣል፤ በሙዳራባ የተከፈተ ከሆነ ቅርንጫፉን ጠይቃችሁ ወደ ወዲዓ ማዛወር ትችላላችሁ።